ስለ ታገሰ የተላኩ ሽማግሌዎች

እኔ በውሸታምነት የምታወቅ ሰው አይደለሁም። እዋሻለሁ፤ ግን አይታወቅብኝም ነበር። የታወቀብኝ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ውስጥ ነው፤ ያውም በቤዝቦል ምክንያት። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን ሚስት ሊያሳጣኝ ትንሽ ነበር የቀረው።

ቤዝቦል ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ አትሸማቀቁ። እኔም ስታዲየሙ ፓርኪንግ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሜ እየሠራሁ አላውቅም ነበር። ከውስጥ ሕዝቡ ሲጮህ እሰማለሁ፤ ለምን እንደሚጮህ ግን ጠይቄ አላውቅም። የእኔ ሥራ መኪና ማስገባት ነው። በኋላ ነገሩን ያስረዳኝ ከድር ነው። ከድር የወሎ ልጅ ነው፤ ታክሲ ይነዳል፤ የታክሲው ሬዲዮ ደግሞ ከቤዝቦል ሌላ የሚይዘው ጣቢያ ያለ አይመስለኝም።

"ስማ" አለኝ አንድ ቀን፣ "አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ዱላ ይዞ ይጠብቃል። ከመታ ይሮጣል። ወርዋሪው አራት ጊዜ ካበላሸ ደግሞ ዱላውን ጥሎ ዘና ብሎ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ማለት ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው።"

"ሳይመታ?"

"ሳይመታ።"

"ታዲያ ምን ሠራ ይባላል?"

"ጠበቀ! መጠበቅ ሥራ አይደለም እንዴ? አንተስ ቀኑን ሙሉ ፓርኪንግ ውስጥ ምን ትሠራለህ?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤዝቦል ወደድኩ።

ይህች "ሳይመታ" የምትባል ነገር ናት ታዲያ ጠረጴዛችንን ለሁለት የከፈለችው። ጠረጴዛችን የምለው ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ፣ እትዬ ዘነቡ ምግብ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ነው። እግሩ ስለሚነቃነቅ ሌላ ደንበኛ አይቀመጥበትም፤ ስለዚህ የእኛ ሆነ። በዚያ ዘመን የከተማችን ቡድን አስተዳደር ስማቸው የገነነውን አንጋፋ ተጫዋቾች አንድ በአንድ እያሰናበተ፣ እናታቸው ብቻ የምታውቃቸውን ወጣቶች ያስመጣ ነበር። የሚያስመጣቸው ወጣቶች ደግሞ ዱላ ይዘው ቆመው የሚጠብቁ ናቸው። ይጠብቃሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ በእግራቸው ወደ ቤዝ ይሄዳሉ።

ከድር በዚህ ደስ ይለዋል። "ወላሂ፣ እነዚህ ሰዎች ጭንቅላት አላቸው! ስም አይሮጥም፤ የሚሮጠው እግር ነው" ይላል።

በተቃራኒው የቆሙት ጋሽ ወንድሙ ናቸው። ጋሽ ወንድሙ አገር ቤት ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ፤ አሁን ሳን ሊያንድሮ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ጡረታ የወጡት ከደመወዙ እንጂ ከዲሬክተርነቱ አይደለም። ተጫዋቾቹን በሙሉ ባለ መስመር ደብተር ላይ መዝግበዋቸዋል፤ ያውም በአበሻ ስም። "ይህ ሁሉ ባዕድ ስም ከአፌ አይገባም" ብለው ወርዋሪውን መኮንን፣ ሯጩን ፈለቀ፣ ሦስተኛው ቤዝ ላይ የሚቆመውን ጎረምሳ ደምሰው ብለው ሰየሙ። ለእያንዳንዱ የችሎታ ውጤት፣ የጠባይ ውጤትና መገኘት የሚባል ዓምድ አለው። በመታም ሆነ በመጠበቅ ቤዝ ላይ የደረሰ ሰው "ተገኝቷል" ይባልና ምልክት ይደረግለታል። ያልደረሰው በቀይ "ቀሪ" ነው። ደምሰው አንዴ ዱላውን መሬት ላይ ስለወረወረ ጠባዩ ከመቶ ወደ ስልሳ ወርዶ፣ ወላጅ ሊጠሩበት ሲያስቡ ከድር በስንት ልመና አስተዋቸው።

"የሰው ልጅ እንደ ሸሚዝ በየወሩ አይለወጥም" ይላሉ ጋሽ ወንድሙ። "ቡድን ማለት ክፍል ነው። ሰነፉም ጎበዙም አብሮ ያድጋል።"

"ጋሼ፣ ክፍል አይደለም፤ ታክሲ ነው!" ይላል ከድር። "ሞተሩ ሲያረጅ ካልቀየሩት መንገድ ላይ ይቆማል።"

እትዬ ዘነቡ ከወጥ ቤት ብቅ ትላለች። እሷ ከቤዝቦል የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። "የፈለጋችሁትን ቀይሩ፤ ታገሰን ግን እንዳትነኩብኝ!"

ታገሰን ሁላችንም አንነካም ነበር። ታገሰ፣ ይህንንም ስም ያወጡለት ጋሽ ወንድሙ ናቸው፣ የቡድኑ ካቸር ነው፤ ማለት ከመቺው ኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁጢጥ ብሎ የተወረወረውን የሚቀልብ። ጉልበቱ ያለቀ፣ ሪዙ መሸበት የጀመረ፣ ሲሮጥ ሰው የሚሳቀቅለት ሰውዬ ነው። አንድ ቀን በአጋጣሚ እትዬ ዘነቡ ቤት ገብቶ ማንም ሳይነግረው እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ጋሽ ወንድሙ ተነሥተው አጎረሱት። እሱም ዞሮ ጋሽ ወንድሙን አጎረሰ። ማን አስተማረው? አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጠባይ ውጤቱ መቶ ከመቶ ሆነ፤ ከድር እንኳ ስለ ሞተር ሲያወራ የታገሰን ስም አያነሣም።

እንግዲህ ወደ ውሸቴ ልግባ።

ተጫዋች የሚያስመጣውና የሚያሰናብተው ኃላፊ ሰማያዊ መኪና አለው፤ ጠዋት ጠዋት የማስገባው እኔ ነኝ። አንድ ቀን መስኮቱን ዝቅ አደረገና የሆነ ነገር ጠየቀኝ። ከኋላው ሦስት መኪና ጥሩምባውን ያስጮኻል፤ ምን እንዳለ አላዳመጥኩትም። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ክራቫት ያሰረ ሰው ሲያናግረኝ የምመልሰው አንድ መልስ ነው። "የስ ሰር!" አልኩት። ሳቀ፤ ገባ። በቃ፣ ከሰውዬው ጋር ያለን ዝምድና ይኸው ነው።

ያን ዕለት ጠረጴዛው ላይ ክርክሩ ጦፎ እኔን የሚሰማኝ ጠፋ። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ ሁለቴም ከድር ዘጋብኝ። በሦስተኛው "ዛሬ ሰውዬው አማከረኝ እኮ" ብዬ ለቀቅኩት።

እትዬ ዘነቡ ማማሰያ እንደያዘች መጥታ ቆመች። ጋሽ ወንድሙ መነጽራቸውን አስተካክለው "ማን? ኃላፊው?" አሉ።

"አዎ። ስለ ተጫዋቾቹ።"

ሰው ሲያዳምጥህ እንዴት ደስ እንደሚል ቀምሶ ያላየ አይፍረድብኝ። በሳምንቱ "ተከራከርን" አልኩ። በወሩ "ምክሬን ተቀበለ" አልኩ። ወጣቱ ወርዋሪ መኮንን ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሲያሸንፍ "እሱን ያስመጣሁት እኔ ነኝ" ለማለት ዓይኔን አላሸሁም። ከድር ለተሳፋሪዎቹ ሁሉ "ቡድኑን የሚያዋቅረው ጓደኛዬ ነው" እያለ ሲነግር ከረመ። እትዬ ዘነቡ ሳልጠይቃት በየአይነቱ ላይ ቅቅል እንቁላል ትጨምርልኝ ጀመር። ለአንድ እንቁላል ብዬ ነው እንግዲህ የገባሁበት።

በዚያው ሰሞን ሰናይትን ላገባ ነበር። ሰናይት ሆስፒታል ትሠራለች፤ ሳን ሆዜ ከታላቅ ወንድሟ ከበላይ ጋር ትኖራለች። በላይ ኢንጂነር ነው፤ ሲናገር እንኳ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። "ወግ ያለው ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌ ያልላከ በሬን እንዳያንኳኳ" አለ። ሰናይትም "በላይ አንዴ እምቢ ካለ አይመለስም፤ እኔም ደግሞ እሱን አስቀይሜ አልወጣም። ደህና ሰው ላክ" አለችኝ። ከጋሽ ወንድሙ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? ለመንኳቸው፤ ደስ አላቸው፤ እሑድ ብለን ቀጠሮ ያዝን።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ከድር በሩን በርግዶ ገባ። ታክሲው ውጭ ሞተሩ እየሠራ ነው።

"ታገሰ ትሬድ ተደረገ! ለሌላ ቡድን ሰጡት!"

እትዬ ዘነቡ የያዘችው ትሪ ከእጇ ወደቀ። እኔም "ወይኔ!" ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ቀና ስል ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው።

ጋሽ ወንድሙ ደብተሩን ከደኑ። "ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ሰውዬው አማክሮህ ነበር?"

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ ችግሬን እዩልኝ። "አላማከረኝም" ብል ወሩን ሙሉ ዋሽቻለሁ ማለት ነው፤ ጋሽ ወንድሙ ደግሞ ለውሸታም ሽማግሌ አይቆሙም። "አማክሮኛል" ብል ታገሰን ያሰናበትኩት እኔ ነኝ። ብልህ ሰው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። እኔ ሁለቱንም መረጥኩ።

"ያው... ትንሽ ነካ አድርጎልኝ ነበር" አልኩ።

"ነካ አድርጎልህ! አንተስ ምን አልከው?"

"እኔማ... አሰብ አድርግበት አልኩት።"

"ለእሑድ ሌላ ሰው ፈልግ" አሉ ጋሽ ወንድሙ። "ዛሬ ታገሰን ያሰናበተ ነገ ሚስቱን አያሰናብትም ብዬ ሰው ቤት ገብቼ አልምልም።"

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። እውነቴን ነው፤ ምግብ ቤቱ መሐል። ሦስት ፈረንጆች ሽሮ እየበሉ ያዩኛል። ያዳነችኝ እትዬ ዘነቡ ናት፤ አዳነችኝ ካልን ነው እንግዲህ። "ያስወጣው አፍ ያስመልሰው" አለች። "ሰውዬው ይሰማው የለ? ይውሰደንና ራሳችን እንለምነው። ሽማግሌ እንሂድ!"

የጋሽ ወንድሙ ፊት በራ። "በአገራችን ስንት ደም በሽማግሌ ደርቋል፤ አንድ ተጫዋች ማስመለስ ያቅተናል?"

"ሴት ግን ሽማግሌ ትሆናለች እንዴ?" አለ ከድር።

"ታገሰን ያበላ ማን ሆነና?" አለች እትዬ ዘነቡ፤ በዚህ ክርክሩ አለቀ።

ሐሙስ ጠዋት በከድር ታክሲ ሄድን። ጋሽ ወንድሙ በጥቁር ሱፋቸው ላይ ነጭ ኩታ ደርበው ከዘራ ይዘዋል። እትዬ ዘነቡ የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳለች። ከድር የተዋሰው ኮት እጅጌ ጣቱን ስለሸፈነው መሪውን በጨርቅ የያዘ ይመስላል። እኔ በልቤ ሰውዬው አገር ለቆ እንዲሄድ እየጸለይኩ ነው።

ቢሮ ገባን። ጸሐፊዋ ቀጠሮ እንዳለን ጠየቀች። ከድር "ቀጠሮ የለንም፤ ግን የኃላፊው አማካሪ ከእኛ ጋር ነው" ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ጸሐፊዋ አየችኝ። በየቀኑ መኪናዋን የማስገባላት ሰው ነኝ።

"እስኪመጣ ተቀመጡ" አለች በትሕትና።

"አንቀመጥም!" አሉ ጋሽ ወንድሙ።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ለልመና ሄዶ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። የቤቱ ባለቤት "ይሁን" እስኪል ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ጸሐፊዋ ግን ይህን ከየት ታውቀዋለች? ወንበሩ ያልተመቻቸው መሰላትና ባለ ትራስ ወንበር አስመጣች። አልተቀመጡም። ትራስ የሌለው ጠንካራ ወንበር መጣ፤ አልተቀመጡም። የጥበቃው ሰውዬ ሽማግሌው ወገባቸውን ታመው ነው ብሎ ደመደመና ባለ ጎማ ወንበር እየገፋ መጣ። ጋሽ ወንድሙ በከዘራቸው መልሰው ገፉት። በመጨረሻ ሁለት ሠራተኞች ተሸክመው ተጫዋቾቹ የሚቀመጡበትን ረጅም አግዳሚ አመጡ። ቢሮው የዕቃ መሸጫ መሰለ። ሰው ከየክፍሉ እየወጣ ያየን ጀመር።

"ይህ ተቃውሞ ነው?" ብላ ጠየቀች ጸሐፊዋ።

"አይ" አለ ከድር፣ "አክብሮት ነው።"

ግማሽ ሰዓት ሄደ። አንድ ሰዓት ሄደ። መጀመሪያ ላይ ሳቄን አፍኜ ነበር። በኋላ ግን የጋሽ ወንድሙን ጉልበት አየሁት። ሱሪያቸው ይንቀጠቀጣል። ከዘራውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ጉልበታቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ያኔ አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። እኚህ ሰው የቆሙት እኔ አንድ ቀን ወሬዬን የሚሰማኝ ስላጣሁ ነው።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ" አልኩ። "ሰውዬውን አላውቀውም። መኪናውን ነው የማቆምለት። አማክሮኝ አያውቅም፤ ሁሉም ውሸት ነው።"

ከድር ኮቱ ውስጥ ጠፋ። እትዬ ዘነቡ "እንቁላሎቼን!" አለች። ጋሽ ወንድሙ ግን ዞረውም አላዩኝ። እንደቆሙ ናቸው።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ኃላፊው ወጣ። አግዳሚውን አየ፣ ወንበሮቹን አየ፣ ኩታውን አየ። መጨረሻ ላይ እኔን አየና ሁለት እጁን ዘረጋ።

"አማካሪዬ!" አለ።

መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ ጠበቅኩ፤ ምንጣፉ ወፍራም ነው መሰል አልተከፈተችም። ሰውዬው እየሳቀ ማውራቱን ቀጠለ፤ ከድር ሥራው ነውና ይተረጉማል። "እንዲህ ይላል፤ 'አንድ ቀን ጠዋት በሐሳብ ተወጥሬ ስገባ ይህን ሰው ጠየቅሁት' ይላል። 'ካቸሩን ላሰናብተው ይሆን?' አልኩት ይላል። እሱም..." ከድር አቆመ፤ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ከድር፣ ሌላ ነገር ተርጉም" አልኩት።

"እሱም 'የስ ሰር!' አለኝ ይላል። ሳያመነታ። 'በዚህ ከተማ ከእኔ ጋር የተስማማ ሰው እሱ ብቻ ነው' ይላል።"

ጋሽ ወንድሙ አሁን ዞሩ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ውሸትህ እውነት ሆነ፤ እውነትህ ውሸት ሆነ። አሁን አንተን በየትኛው ዓምድ ልጻፍህ?"

ምን ልበል? ዝም አልኩ። ዝም ማለትን ቀደም ብዬ ብለምደው ኖሮ እዚያ አልደርስም ነበር።

ጋሽ ወንድሙ ንግግራቸውን ጀመሩ። ስለ ክፍል፣ ስለ ማሳደግ፣ ስለ ጉርሻው ተናገሩ። ማስረጃ ብለው ደብተሩን አውጥተው ሰጡት። ሰውዬው ከአክብሮት ብዛት ገለጥ አደረገው፤ ከዚያ ሌላ ገጽ ገለጠ፤ ከዚያ ተቀመጠ። ከድር ስሞቹንና ምልክቶቹን አስረዳው፤ ይህ የተገኘ ነው፣ ይህ የቀረ ነው፣ ሲመታም ሲጠብቅም ያው ተገኝቷል ነው። ሰውዬው ብድግ ብሎ የቢሮውን ሰዎች ተጣራ።

"እንዲህ ይላል፤ 'እኛ እዚህ በኮምፒውተር የምንሠራውን እኚህ ሰው በደብተር ሠርተውታል! ተጫዋች የምንመርጠው በዚህ ነው፤ ቤዝ ላይ በመገኘት!'"

ጋሽ ወንድሙ ክርክሩን ከከድር ጋር ሲከራከሩ ሁለት ዓመት ሙሉ የአስተዳደሩን ሥራ ሲሠሩ ከርመዋል ማለት ነው። ከድር ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት እጅጌውን አፉ ውስጥ ጨመረ።

ሰውዬው ግን ሳቁን ትቶ ጣቱን በታገሰ መስመር ላይ አሳረፈ። ቀይ። ቀይ። ቀይ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር፣ በጋሽ ወንድሙ በራሳቸው እጅ የተጻፈ "ቀሪ"።

"ጉልበቱን ታሞ ነው" አሉ ጋሽ ወንድሙ።

"አውቃለሁ" አለ ሰውዬው በከድር በኩል።

"ጠባዩ መቶ ነው።"

"እኔም ጋ መቶ ነው። ስነግረው እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። እኔ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።"

ጋሽ ወንድሙ ደብተሩን አዩት። ከዚያ ከዘራቸውን አስደግፈው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጉዳያቸው ሳይፈጸም የተቀመጡ ሽማግሌ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። "የምወደውን ልጅ ከክፍል አስቀርቼ አውቃለሁ" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። "ማታ እንቅልፍ አይወስድም።" እትዬ ዘነቡ ዓይኗን በቀሚሷ ጠረገች።

በታክሲው ተመለስን። ሳን ሊያንድሮ ልንደርስ ስንል ጋሽ ወንድሙ "እሑድ በስንት ሰዓት ነው?" አሉ።

"ይመጣሉ?"

"ቢሮው ውስጥ ጉልበቴን አይተህ ነው አፍህን የከፈትከው። አይቼሃለሁ። ግን ሁሉንም ለበላይ እነግረዋለሁ፤ ከነውሸትህ፣ ከነእንቁላሉ። አንዲት አላስቀርልህም።"

ሰናይትን ባጣ በጋሽ ወንድሙ ሐቀኝነት ነው ብዬ አሰብኩ። ልከራከር አልቻልኩም፤ ሐቀኝነታቸውን ፈልጌ አይደል የለመንኳቸው?

እሑድ ሳን ሆዜ ደረስን። ሚስት የሚጠየቅለት ሰው አብሮ አይገባም፤ እኔ ከመንገዱ ማዶ ታክሲው ውስጥ ቀረሁ። የበላይ ሳሎን መስኮት ፊት ለፊት ነው። ከትከሻ በላይ ያለውን ሁሉ ያሳየኛል፤ የጋሽ ወንድሙ ራስ፣ የከድር ራስ፣ እንዲሁም አጭር ስለሆነች የእትዬ ዘነቡ ሻሽ ጫፍ። ቆመዋል። እነዚያ ራሶች ዝቅ ካሉ አገባሁ ማለት ነው። ቆመው ከወጡ አለቀልኝ።

ሬዲዮው ጨዋታውን ያስተላልፋል። ጉድ እኮ ነው፤ ታገሰ የሄደበት ቡድን በዚያው እሑድ እኛ ጋ ሊጫወት የመጣው ቡድን ነው። ሰውዬው ከተማ ሳይለቅ፣ ልብሱን ይዞ ኮሪደር ተሻግሮ ለማዶኞቹ ገባ።

ዓይኔን ከመስኮቱ ሳልነቅል ሃያ ደቂቃ ሆነ። ጋሽ ወንድሙ ደብተሩን አወጡ፤ ያነባሉ። የምን ደብተር ነው ደግሞ እዚህ? የበላይ ራስ ወዲያና ወዲህ ይላል። የከድር እጅ በአየር ላይ ይወራጫል። የበላይ ራስ ወደ ኋላ ተጣለ፤ ተናዶ ይሁን ስቆ አልለየሁም። ሬዲዮው ታገሰ ዱላውን ይዞ መቅረቡን ተናገረ።

ከዚያ የከድር ራስ ጠፋ። ሻሹ ጠፋ። የጋሽ ወንድሙ ራስ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ወረደ። ተቀመጡ! መሪውን ሳምኩት። ጥሩምባው ጮኸ። አንዲት አሮጊት ከነውሻዋ መንገድ ቀየረች። ሬዲዮው ምን እንዳለ አልሰማሁም።

እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል ሁሉም ራሶች ተመልሰው ተነሥተዋል። የበላይ ራስ ጭምር! እጃቸው ከላይ ነው፤ ይጮኻሉ።

ተበላሸ። እንቁላሉን ነገሩት! ከታክሲው ወርጄ መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። በሩን ደበደብኩ። የከፈተችልኝ ሰናይት ናት፤ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

"ምን ሆኑ? ነገሩት?"

"ሁሉንም ነገሩት። ወንድሜ 'እንዲህ ያለ ሰው ነው የምታመጡልኝ?' ሲላቸው 'እኛ አላመጣነውም፤ እሷ መርጣዋለች፤ እኛ የመጣነው ከነጉድለቱ ልናሳይህ ነው' አሉት። በላይ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።"

"ታዲያ ለምን ተነሡ?"

በጣቷ ወደ ሳሎኑ አሳየችኝ። ቴሌቪዥኑ በርቷል። ታገሰ መቶታል፤ ኳሷ ከሜዳው ወጥታ ሕዝቡ መሐል ገብታለች። እሱ በዚያ ባለቀ ጉልበቱ እያነከሰ ቤዞቹን ይዞራል። የመታው የእኛ ቡድን፣ ያውም እኔ አስመጣሁት ያልኩት መኮንን የወረወረውን ኳስ ነው። የእኛ ሰዎች ደግሞ ቆመው ያጨበጭቡለታል። ከድር "ወላሂ፣ ሞተሩ ሠራ!" እያለ ይዘላል፤ እትዬ ዘነቡ እልል ትላለች።

በላይ ዞሮ አየኝ። "ያሰናበትከው ሰውዬ ይኸ ነው?"

"የስ ሰር" አልኩት።

ጋሽ ወንድሙ ከአንገታቸው ቀና ሳይሉ እስክሪብቷቸውን አወጡ። በታገሰ መስመር ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ቀይ ቀጥሎ፣ የሌላ ቡድን ልብስ መልበሱን ከቁጥር ሳያስገቡ "ተገኝቷል" ብለው ጻፉ። ከዚያ ገጹን ገለበጡ። አዲስ ገጽ ነው፤ አናቱ ላይ የእኔ ስም አለ። ችሎታ የሚለው ባዶ ነው። ጠባይ የሚለው ላይ ሃምሳ ተጽፎ ተሰርዞ፣ ስልሳ ተጽፎ ተሰርዞ፣ ስልሳ አምስት ይላል። መገኘት በሚለው ዓምድ ሥር አንዲት ምልክት አደረጉልኝና ቀና ብለው አዩኝ።

"ምን ቆመህ ታየናለህ?" አሉ። "ተቀመጥ እንጂ።"